ከኩበቱ ክምር ሥር ያለው ገብስ

ሐሙስ፣ ሰኔ 2

ገመዱን በኩበቴ ክምር ላይ አሳለፉት። ሁለት ክንድ ወደ ግራ ቢሉት አጥር ነው፤ ሁለት ክንድ ወደ ቀኝ ቢሉት ባዶ መሬት ነው። እነሱ ግን ልክ በክምሩ መካከል። ችካሉን የተከለው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ምስጋናው ራሱ ነው። "እትዬ ዘውድነሽ፣ ይሄን ኩበት ያንሡ፤ ምሽጉ በዚህ ያልፋል" አለኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ምሽጉ ለእኛው ነው አሉ። ጫካ ያሉት ሰዎች ዳባትን አልፈው እዚህ ደባርቅ ቢደርሱ፣ ተኩስ ሲነሣ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንዲጠለልበት። በየጓሮው የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። የእኛ መደዳ የሚቆፈረው ሰኔ 13፣ ሰኞ፣ በዘመቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ጓሮዬ ይገባል።

ከክምሩ ሥር ጉድጓዳችን አለ። መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን አንድ ቦታ ካልተናገርኩ አልችልም። ባለቤቴ በሪሁን ካቻምና ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ለቅልቆ፣ ገለባ አንጥፎ፣ ከጃናሞራ በበቅሎ ያመጣውን ገብስ ሞላበት። ከላይ ትንሽ ባቄላ። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ዘግተን ኩበት ከመርንበት። አምና የእህል ምዝገባ ሲመጣ በጎታ ያለውን ብቻ አስመዘገብን። "እህል የደበቀ የሕዝብ ጠላት ነው" ሲሉ በድምፅ ማጉያ ሰምቻለሁ። ከላይ ሠፈር አንድ ሰው በዚሁ ተይዞ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ሚስቱ በር በሩን ታያለች።

ስድስት ነፍስ ነን። እኔ፣ በሪሁን፣ እናቱ እማሆይ ብርቄ፣ ትልቋ ልጄ እናኑ፣ ሁለቱ ትንንሾች። በሪሁን የሚነግድበት የቆላው መንገድ ከፋሲካ ጀምሮ ስለተዘጋ በቅሎዎቹ ቆመው ሣር ይበላሉ። የጎታው እህል ሦስት ሳምንት አይወስደንም። ክረምቱን የሚያሻግረን የጉድጓዱ ብቻ ነው። ከተገኘ ባሌም እህሉም ይሄዳሉ። ካላወጣሁትም ያው ይገኛል።

በሪሁንን ምን እናድርግ አልኩት። "እናያለን" አለ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ "እናያለን" ይላል፤ አንድም ቀን ሲያይ አላየሁትም።

ዓርብ፣ ሰኔ 3

በቤቱ ያለው፦
ጨው፣ አንድ ቅል።
ክብሪት፣ ሦስት ፓኮ፤ አንዱ እርጥበት ነክቶታል።
ላምባ፣ በጠርሙስ ግማሽ።
በርበሬ፣ ይበቃል።
ሳሙና፣ የለም።
የራስ ምታት ክኒን፣ አራት።
ባል፣ አለ። ተኝቷል።

አንድ ጊዜ ስኳር ተጠቅልሎበት በመጣ ቁራጭ ጋዜጣ ላይ የቤት እመቤት ለክፉ ቀን ምን ምን ማስቀመጥ እንዳለባት የሚናገር ጽሑፍ አገኘሁ። ያኔ ፊደል ገና እየቆጠርኩ ነበር፤ ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። "አንደኛ" የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱ ተቀዷል። ቀሪው በሌላ ሰው ስኳር ላይ ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲህ በራሴ ግምት እኖራለሁ።

ያሰብኩት፦ ሌሊት ማውጣት አይሆንም፤ የቀበሌ ጥበቃ በጓሮ ነው የሚያልፈው። ወደ ዘመድ ቤት ማጋዝ አይሆንም፤ ኬላ አለ። ለጓድ ምስጋናው መናገር... እሱስ በጭራሽ።

በሪሁን አመሻሽ ላይ በደስታ ገባ። "ጨረስኩ" አለኝ። ምኑን? ችካሉን ነቅሎ ሁለት ክንድ ወደ አጥሩ ተክሎታል። ወጥቼ አየሁት። ገመዱ ከጎረቤት ጓሮ ቀጥ ብሎ ይመጣና እኛ ጋ ሲደርስ እንደ በሬ ቀንድ ይጎብጣል። ዕውርም ያየዋል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 4

ችካሉ ተመልሷል። ጓድ ምስጋናው ጠዋት መጥቶ ራሱ በድንጋይ መታው። "ከብት ነው መሰለኝ የነቀለው" አለ በሪሁንን እያየ። በሪሁን ደግሞ፣ እግዜር ይይለት፣ "አዎ፣ በቅሎ ናት" ብሎ ተቀበለው። በቅሎ ነቅላ ሁለት ክንድ አስተካክላ ተከለች ማለት ነው።

ገበያ ወጣሁ። ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣ መኪና የለም። እህል የያዘ የለም። የገበያው ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ይመለሳል። ጨው ግን አገኘሁ፤ አንዲት ሴት ለቤቷ ያስቀመጠችውን በሁለት ዶሮ ለወጠችኝ። የዛሬ ድሌ ይህች ናት።

ኩበቱን ማንሣት ጀመርኩ፤ ታዝዣለሁና። ከሥር ያለው ድንጋይ ብቅ ሲል መልሼ በጥቂት ኩበት ሸፈንኩት።

እሑድ፣ ሰኔ 5፣ አቦ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከበሪሁን ጋር ተጨቃጨቅን። ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሮ እማሆይ ከመደባቸው ሆነው ሰሙ። ጠሩኝ።

"የምን ጉድጓድ ነው የምትጨቃጨቁበት? የእኔ የተዝካር እህል ያለበት ነው?"

እዚህ ላይ ልናገር። እማሆይ ያንን ገብስ ለተዝካራቸው የተቀመጠ ነው ይላሉ። በሪሁን ያኔ ደስ እንዲላቸው ብሎ ነግሯቸው ነው። እኔ ለረኃብ ነው እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ገብስ ለሁለት ነገር ተቀምጧል፤ ሁለታችንም ዝም ተባብለን።

ምሽጉን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው የቁም ተዝካሬን አውጡልኝ" አሉ።

ደሜ ፈላ። በቁሙ ተዝካሩን የሚያወጣ ሰው አለ፤ አውቃለሁ፤ ወራሽ የሌለው፣ ልጆቹን ያላመነ። እሳቸው ልጅም ምራትም አላቸው። ደግሞስ በዚህ ቀን፣ ሀገሩ ሁሉ ሆዱን በያዘበት፣ ድግስ? "እማሆይ፣ ልጆቹ ሐምሌን ምን ይበሉ?" አልኳቸው።

"አንቺን የቸገረሽ እህሉ መውጣቱ ነው ወይስ መበላቱ?"

"ሁለቱም!"

"ሁለቱ በአንድ ቀን አይሆኑም ልጄ። አስቀድመሽ አውጪው። ተዝካር ያለበት ቤት ገብስ በቀን ቢታይ፣ ሲቆላ ቢውል፣ ሲፈጭ ቢያድር ማን ምን ይላል? ከዚያ ወዲያ ለቄስና ለነዳያን የምትሰጪውን ስጪ፣ የቀረውን በሶ አድርጊው፣ ድርቆሽ አድርጊው። የሰኔ ጾም ነው፤ በግ አይጠየቅ፣ ቅቤ አይጠየቅ።"

ልክ መሆናቸው ራሱ አናደደኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 6

የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሱ መጡ። "እማሆይ፣ በደህና እያሉ?" ብለው ሳቁ። እማሆይ አልሳቁም። "አባቴ፣ በክረምት ብሞት በዚህ ተኩስ ማን ይፈታኛል? እርስዎም ራስዎ ይገኙ አይገኙ አይታወቅ" አሏቸው። ቄሱ ሳቃቸውን ዋጡ። ለሰኔ ሚካኤል፣ እሑድ፣ ተቀጠረ።

አሁን ደግሞ ፈቃድ። ያለ ቀበሌ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው። በሪሁንን ላክሁት፤ ምን እንደሚል አስጠንቼ። እህሉ ከየት ነው ቢሉህ "ከጎታ አጠራቅመን፣ ከዘመድ አዋጥተን" በል አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ተመልሶ የሆነውን ነገረኝ። ጓድ ምስጋናው "እህሉ ከየት ነው?" ብሎታል። እሱም "ከጃናሞራ ዘመድ አመጣልን" ብሏል። የጃናሞራ መንገድ ደግሞ ከተዘጋ ከወር አልፎታል! ጓድ ምስጋናው ትኩር ብሎ አየኝ አለ። "በክንፍ ነው የመጣው?" ብሎታል። ከዚያ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አንሥቶ መታለት።

ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ማኅተሙ ሐምራዊ ነው። ስማችንም በትክክል ተጽፏል። ደስ ሊለኝ ይገባል። ግን ያ ሰው ለምን መታው? ለምን አልመረመረውም? ለመያዝ ካሰበ እህሉ ወጥቶ ሲታይ ይቀለዋል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7፣ ሥላሴ

ጉድጓዱን ከፈትን። በጠዋት፣ በብርሃን። አጥሩን በሰሌን ጋረድነው፤ ኩበት እያነሣን ነው በሚል።

በሪሁን ድንጋዩን እንደገለጠ እግሩን ሊያወርድ። ሸሚዙን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። የተዘጋ ጉድጓድ ትንፋሹ ይገድላል፤ የገዛ አጎቱ በዚሁ ነው የሞቱት፤ እሱ ግን ቸኩሏል። ዓመቱን ሙሉ ሳይቸኩል ቆይቶ ዛሬ። እስከ ቀትር ክፍቱን ተውነው። ኩራዝ በገመድ አወረድኩ፤ ጠፋ። ቆይቼ ደገምኩ፤ ጠፋ። ላምባዬ አለቀ ብዬ ሳማርር በሦስተኛው ሳይጠፋ ቆየ። ያኔ ግባ አልኩት።

ግድግዳው ጋ አንድ ጣት ያህል ጠቁሮ ሻግቷል። ያንን ለዶሮ። መካከሉ ደህና ነው። ባቄላውም ደህና ነው። በቅርጫት አወጣን፤ ከላይ ኩበት፣ ከሥር ገብስ፣ ወደ ቤት። እኔና እናኑ ስንመላለስ ዋልን። ወገቤ ወገብ አይደለም።

ከሰዓት ትርንጎ መጣች። ከጎናችን ያለችው፣ የቀበሌው የሴቶች ኮሚቴ አባል። ድግስ ያለበት ቤት ሳይጠራ ይመጣል፤ ወጉ ነው፤ ልመልሳት አልችልም። ሰፌድ ይዛ ገብስ ልትለቅም ተቀመጠች። ዝም ብላ ብትለቅም ምን ነበረበት! እኔም ዝም ብል ምን ነበረበት! አፌ አላርፍ ብሎ "ይሄኛው ክምር ለጠላው ብቅል ነው" አልኳት።

አንድ እፍኝ አነሣች። አሸተተች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እትዬ ዘውድነሽ፣ የጉድጓድ ገብስ ከመቼ ወዲህ ነው የሚበቅለው?" አለችኝ።

ሀያ ዓመት ጠላ የጠመቅሁ ሴት። ጉድጓድ የገባ ገብስ ዓይኑ እንደሚሞት፣ ለዘርም ለብቅልም እንደማይሆን ሕፃን ያውቃል። ሽታውም ልብስ አልፎ ይሸታል። እጄ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ፣ ቤቱ ውስጥ። ትርንጎ የያዘችውን ሰፌድ ጨርሳ፣ እጇን አራግፋ፣ "በሉ ደህና ዋሉ" ብላ ሄደች።

ለበሪሁን አልነገርኩትም። ቢሰማ ሌላ ችካል ሊነቅል ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ አለቀልን አልኩ። ትርንጎ ናት፤ ብቻዋን። ጀርባዋ ላይ እንጨት የተሸከመች ትመስላለች። ገብታ አወረደችው። ከእንጨቱ መካከል ጆንያ።

"ለእማሆይ ተዝካር ማገዣ ነው" አለች።

ጆንያውን ፈታሁት። ያው ሽታ።

ተያየን። እሷ ቀድማ ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስክትንፈቀፈቅ። "ገመዱ የእኔንስ ጓሮ መች ማረው? ልክ ከዶሮ ቤቱ ሥር ነው። ትናንት ሳሸተው ከራሴ ቤት የመጣሁ መሰለኝ" አለችኝ። "በምዝገባ ጊዜ አንድ ቁና ብቻ አለኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?" አልኳት። "አንቺስ?" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ እህሏን በተዝካሩ ስም እኛ ቤት ታመጣለች፤ አብረን እንቆላለን፣ እንፈጫለን፤ እሑድ ሲያልቅ ድርሻዋን በአገልግል ይዛ ትሄዳለች። ከድግስ ቤት አገልግል ይዞ የሚወጣ ሰው ማን ይጠይቀዋል? የደረቀ ብቅልም ከቤቷ አምጥታ ሰጠችኝ። የእሷ ብቅል የጉድጓድ አይደለም።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ትናንት የአንድ ቤት ጥፋት ነበረብን፤ ዛሬ የሁለት። ሲመጣ የሚታሰረው ግን የእኔው ባል ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ለትርንጎ "ለማንም እንዳትናገሪ" ብዬ ነበር። ለሦስት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት አለች።

ከመደዳው ሴቶቹ መጡ። አንዷ በእንስራ፤ ውኃ እንዲመስል ከላይ ቅጠል ከድናበት። አንዷ ሕፃን እንዳዘለች በአንቀልባ። ሁሉም "ለእማሆይ ነፍስ" ይላሉ። እማሆይ ከመደባቸው ሆነው ይመርቃሉ። "ነፍሴ ይሄን ያህል ወዳጅ እንዳላት አላወቅሁም" አሉኝ ቀስ ብለው። ያውቃሉ፤ ሁሉን ያውቃሉ።

የማን የቱ እንደሆነ እንዳይደባለቅ ከየጆንያው አፍ ላይ የተለያየ ቀለም ክር አሰርኩ። ቀይ የትርንጎ፣ ነጭ የእኛ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ። በዚህ ደብተርም ጻፍኩት፤ ከዚያ ፈርቼ ያን ገጽ ቀድጄ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ማንበብና መጻፍ አንዳንዴ ዕዳ ነው።

ድርቆሽ በሰሌን አስጥተን ነበር። ከቀትር በኋላ ከሰሜን ተራራ ዝናቡ ወረደ። ሮጠን ስናነሣ ግማሹ ራሰ። እሳት ዳር አነጠፍነው። ሰኔ ላይ ድርቆሽ የሚያደርቅ ከእኔ በቀር ማን አለ?

የሞተር ወፍጮው ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። በድንጋይ ወፍጮ በየተራ እንፈጫለን። እናኑ መዳፏ ተላጠ። "እማ፣ እውነት ለተዝካር ነው?" አለችኝ። ዝም ብለሽ ፍጪ አልኳት። ክፉ አነጋገር ተናገርኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ትናንት አልጻፍኩም፤ ቆሜ ነው የተኛሁት። የዛሬውን ግን ልጻፍ።

ገበያ አልቆመም። ከዳባት በእግራቸው የመጡ ሰዎች መንገዱ ላይ ታጣቂ አይተናል ይላሉ። የማን ታጣቂ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ከሰዓት ቤቱ በሴት ተሞልቶ፣ ብረት ምጣዱ ገብስ እያንጣጣ፣ የጓድ ምስጋናው ሚስት ከበሩ ቆመች። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ምጣዱ ብቻ ይጮኻል። ከኋላዋ አንዲት አህያ፤ ሁለት ጆንያ ተጭኖባታል።

"ለእማሆይ ማገዣ ይሁን ብሎ ልኮኝ ነው" አለች ወለል ወለሉን እያየች።

ትርንጎ ተነሥታ ጆንያውን አወረደች፤ አፍንጫዋን አስጠግታ ሳበች፤ ወደ እኔ ዘወር ብላ በጣም በጨዋ ደንብ፣ "ይሄም አይበቅልም" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ገባትና እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። "ገመዱን ራሱ ነው የዘረጋው፤ ቀጥ ካላለ ከበላይ ይጠየቃል። በገዛ መኝታ ቤታችን ጀርባ ነው ያለፈው" አለችን።

ማኅተሙን ለምን እንደመታ ገባኝ። ልቤ አንድ ጊዜ ረጋ፤ ወዲያው ተናደድኩ። በድምፅ ማጉያ ያን ሁሉ ሲል የኖረው ይኸው ሰው ነው። በእሱ ምክንያት ሁለት ዓመት በኩበት ላይ ተቀምጬ አድሬያለሁ።

ለእሷ ክር አለቀብኝ። ከቀሚሴ ጫፍ ቀደድኩላት።

እሑድ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ተወጣነው። ከዚህ በላይ ለመጻፍ አቅም የለኝም፤ ግን ትንሽ።

ቄሶቹ በጠዋት ጸሎቱን አደረሱ። እማሆይ ነጭ ለብሰው ተቀመጡ። የገዛ ስማቸው ለነፍስ ሲጠራ ሰሙ። አላለቀሱም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከድካም ይሆናል።

የሰጠሁት፦ ለካህናቱ እንጀራ በሽሮ፣ ጠላ፤ ለነዳያን ዳቦና የባቄላ ንፍሮ። ከገመትኩት ነዳያን እጥፍ መጡ። ከገጠር የሸሹ አሉበት፤ ልጆች አዝለው። ማን ይመልሳቸዋል? በሚካኤል ቀን፣ ከተዝካር ደጅ? ነጭ ክር ያለበትን አንዱን ጆንያ በዓይኔ እያየሁ አስረከብኩት። በሪሁን መጥቶ "ተይ፣ ይቅርብሽ" ቢለኝ "ዝም በል" አልኩት። ክፋት ሳይሆን፣ እያሰላሁ ነበር።

ጓድ ምስጋናውም መጣ። ጠጣ። ለእማሆይ ጎንበስ ብሎ "እንኳን ለዚህ አበቃዎት" አላቸው። እሳቸውም "አንተንም ለዚህ ያብቃህ ልጄ" አሉት። ምን ለማለት እንደሆነ ሳይገባው አሜን አለ።

ሲመሽ ሴቶቹ አገልግላቸውን ይዘው ወጡ። እዚህ ላይ ጠብ። አረንጓዴና ጥቁር ክር ያላቸው በሶዎች አንድ ሙቀጫ ገብተው ኖሯል። "የእኔ ነጣ ያለው ነው"፣ "የእኔስ መች ጠቆረ"። ከእኛ ጨምሬ አካፈልኳቸው፤ እንዲሄዱልኝ ብቻ።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ዘመቻው መጣ። ቆፈሩ። እኛ ጓሮ ሲደርሱ ጉድጓዱ ባዶውን አፉን ከፍቶ ቆሟል። አንድ ከሌላ ሠፈር የመጣ ወጣት ጎንበስ ብሎ "ምን ነበር እዚህ?" አለ። ጓድ ምስጋናው ከኋላው ሆኖ፣ "ይህ ቤት ንቁ ነው፤ ድርሻውን ቀድሞ ቆፍሮ ጠብቆናል" አለ። ትርንጎ አካፋዋን ተደግፋ አቀረቀረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሷም ጓሮ፣ የሚቀጥለውም፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። የመደዳው ሥራ በሙሉ እስከ ቀትር አለቀ። ከቀበሌው አንደኛ ወጣን ተባለ።

እነሱ ሲሄዱ የቀረልንን ሰፈርኩ። በሶ፣ ሁለት ማድጋ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ድርቆሽ፣ ሦስት ጆንያ፤ አንዱ ሻጋታ ጀምሮታል። ቆሎ፣ አንድ እንስራ። ባቄላ፣ አምስት ቁና። ጉድጓድ ከነበረው ሢሶው ሄዷል። ቆጥቤ ብይዘው እስከ ነሐሴ አጋማሽ። ቡሄን ያሳየናል። ከቡሄ ወዲያ እሸት እስኪደርስ ያለው ባዶ ነው።

ለማን ልናደድ? ለበሪሁን? ዛሬ ዶማ ይዞ ከሁሉ በላይ የለፋው እሱ ነው። ያም አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14

ከዳባት በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማል። ነጎድጓድ ነው ብዬ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። መንገዱ ተዘግቷል። አሁን በይፋ።

ጓድ ምስጋናው መዝገብ ይዞ መጣ። ሌላ ሁለት ሰው፣ የማላውቃቸው፣ አብረውት። ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል፦ እያንዳንዱ ቤት ለሚሊሺያው ስንቅ ያዋጣል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። እሱ ይጠራል፤ ሦስቱም ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ሽታው ለእኔ እስከ ደጅ ይሰማኛል።

ሊቀመንበሩ አልገባም። ከበሩ ቆሞ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ አዞረው። "ማንበብ ይችላሉ አይደል? ትክክል ከሆነ ይፈርሙ" አለኝ።

"ይህ ቤት በተዝካር ተራቁቷል። ምንም የለውም።"

ከላዩና ከታቹ ያሉትን መስመሮችም አየሁ። የመደዳችን ቤቶች ሁሉ፤ "ለተዝካር አዋጥቷል፤ ምንም የለውም"፣ "ለተዝካር አዋጥቷል፤ ምንም የለውም"። የራሱም ቤት አለበት። አንደኛው ሰውዬ "ይሄ መደዳ ሃይማኖተኛ ነው መሰለኝ" አለ። ጓድ ምስጋናው "ኋላ ቀር ነው፤ እናስተምራቸዋለን" አለው። ፈረምኩ። ስሜን ሙሉውን ጻፍኩ፤ እጄ አልተሳሳተም።

ሲሄዱ ማመስገን ነበረብኝ? እንጃ። ስንቅ ያጡት ሚሊሺያዎችም የሰው ልጆች ናቸው፤ ከላይ ሠፈር የሄዱትን አውቃቸዋለሁ። ሌላው መደዳ ደግሞ የእኛን ድርሻ ሊከፍል ነው። ይህን አሰብኩ። ግን ተመልሼ "አለን" አላልኩም።

ለእራት በሶ በውኃ በጠበጥኩ። ለትልቅ ሰው አንድ እፍኝ፣ ለልጆቹ ግማሽ ግማሽ። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው ብዬ ነገርኳቸው። እማሆይ ጣሳቸውን ተቀበሉና ወደ ልጆቹ ገፉት። "እኔ ተዝካሬ ወጥቷል። የሞተ ሰው እራት አይበላም" አሉኝ። ለማሳቅ ያሉት ነው፤ ግን እውነታቸውን ነው። ከእሑድ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ሲቀንሱ ማየቴ ትዝ አለኝ፤ ጠዋትም እንዲሁ ለልጆቹ ገፍተው ነበር።

ጣሳውን ከልጄ እጅ ወሰድኩ። "እማሆይ፣ የቆጠርኩት ለስድስት ነው" አልኳቸው። "ለአምስት ቢሆን እስከ መስከረም..." ብለው ጀመሩ። ለካ እሳቸውም ሲያሰሉ ነው የከረሙት። አላስጨረስኳቸውም። ጣሳውን እጃቸው ላይ አኖርኩትና ከፊታቸው ቆምኩ። መድፉ እንደገና ተሰማ። ትንንሾቹ ወደ አባታቸው ተጠጉ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ጠጡ። ታቹ ላይ የረጋውንም በጣታቸው እስኪጠርጉት ቆምኩ።